«እኔን!»፦ ስለ ርኅራኄ ቋንቋና ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጥቂት ነጥቦች

በመንገድ ላይ የማናውቀው ሰው እንቅፋት መቶት ሲንገዳገድ ከአጠገቡ የምታልፍ እናት «እኔን!» ትላለች። ማን እንደሆነ አትጠይቅም፤ መንገዷንም አታቋርጥም። ይህች አንዲት ቃል ለሰዋስው መምህር ብቻ ሳይሆን ለሐያሲም ብዙ የምታገለግል ይመስለኛል።

ቃሏን እንመርምራት። «እኔ» የሚለው ተውላጠ ስም ተሳቢ አመልካቹን «-ን» ይዟል፤ ግሡ ግን የለም። «ይምታኝ» ወይም «ይድፋኝ» ሊሆን ይችላል፤ ተናጋሪዋ መጨረስ አላስፈለጋትም። ዋናው ነገር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አለመሆኗ ነው። «አዘንኩልህ» ስንል ግን ባለቤቶቹ እኛ ነን፤ የታዘነለት ሰው በ«-ልህ» ተለጥፎ ከኋላ ይከተለናል። ሁለቱንም በደምሳሳው ርኅራኄ እንላቸዋለን እንጂ የቆሙበት ቦታ አንድ አይደለም። (በቅርብ ዓመታት በተማሪዎቻችን ጽሑፍ ውስጥ «ራስን በሌላው ጫማ ውስጥ ማስገባት» የሚል ትርጉም ቀመስ አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። ባዶ እግሩን ለሚሄደው ሰው ምን ሊባል ነው?)

ልዩነቱን ወደ ልቦለድ ስንወስደው ብዙ ነገር ይገለጥልናል። አንዳንድ ተራኪዎቻችን ድሃ ገጸ ባሕርይ ወደ መድረክ ሲያወጡ «ምስኪኗ»፣ «ያልታደለችው» እያሉ ነው። ቅጽሎቹ ሴትዮዋ አፏን ሳትከፍት ይቀድሟታል። አንባቢውም በተራኪው ትእዛዝ ያዝናል፤ ገጹን ሲገልጥ ይረሳታል። በፈተና ወረቀት ላይ «ደራሲው በእጅጉ አሳዝኖናል» የሚል አድናቆት ባየሁ ቁጥር ጠርዙ ላይ «በማን አፍ?» ብዬ እጽፋለሁ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ጥያቄ ለመመርመር ምቹ ነው። ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ ታሪኩን መድገም አያስፈልግም፤ በአንድ ነገር ላይ ግን ልቆይ። ይኸውም የበዛብህ ስለት ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በሕይወት ቢቆይላቸው መንኩሶ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ይሳላሉ። የጨነቀው ወላጅ የሚያደርገው ነው፤ ከፍቅር የመነጨ መሆኑንም የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ስለታቸው «እኛን» አይልም፤ «እሱን» ይላል። የሕፃኑን ዕድሜ ለማስረዘም የሚከፈለው ዋጋ የራሱ የሕፃኑ ነው። በዛብህ አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያስጨንቀው የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ እሱ ራሱ ያልተናገረው ቃል ጭምር ነው። እዚህ ላይ ልቦለዱ የሚያሳየን ክፋትን አይደለም። ርኅሩኅ ሰዎች የሚራሩለትን ሰው ሳይጠይቁ ሲወስኑለት ምን እንደሚደርስበት ነው። መጽሐፉን በፊውዳሉ ሥርዓት ላይ እንደቀረበ ክስ ብቻ አድርገን የማንበብ ልማዳችን ይህን ክር ወደ ዳር ገፍቶታል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ጉዱ ካሳ እንምጣ። የፊታውራሪ ዘመድ ሆኖ ሳለ ስለ ባላገሩ ይከራከራል፤ በመከራከሩም ዕብድ ተብሏል። ርኅራኄው ስሙን አስከፍሎታል፤ «ካሳ» የነበረው «ጉዱ ካሳ» ሆኗል። በዚህ ረገድ ተሳቢ ሆኗል ማለት ይቻላል። ይሁንና ረጃጅም ንግግሮቹን ሳነብ አንዳንዴ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ የሚናገርላቸው ሰዎች እምብዛም ሲመልሱለት አንሰማም። ለሰብለና ለበዛብህ ወዳጅ ሆኖ ሲቀርብ ግን የሚያዳምጥ ሰው ነው። እንደኔ አስተያየት ካሳ ትልቅ የሚሆነው በዚህ ነው እንጂ በስብከቱ አይደለም።

ከሁሉም አስቸጋሪው ፈተና ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ባላገሮቹ በማረኳቸው ጊዜ አንባቢ ይስቃል፤ መጽሐፉን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ የሚያውቀው ደግሞ አብልጦ ይስቃል። መሳቃችንን አልነቅፍም፤ የእጃቸውን ነው ያገኙት። ግን ለእኚህ ሰው «እኔን» የሚል ማን አለ? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሳነሣ ተማሪዎች ይቆጣሉ፤ ለጨቋኝ ማዘን የተጨቆነውን መክዳት ነው ይሉኛል። ቁጣቸው ደስ ይለኛል፤ መጽሐፉ ሕያው መሆኑን ያሳያልና። እኔ ግን መራራትና መፍረድ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ ብዬ አላምንም። ሰው እየፈረደም ይራራል። ዳኞቻችንም፣ እናቶቻችንም ይህን ያውቃሉ።

ልጃቸው ሰብለ ወንጌል በበኩሏ ቃሉን ያዋለችው ለሌላ ሰው ነው፤ ያውም ሳትናገረው። ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስትነሣ የመነኩሴ ልብስ ትለብሳለች። በታሪኩ ፍሰት ልብሱ ለመንገድ መሸሸጊያ ነው፤ ሴት መሆኗ እንዳይታወቅባት። ሆኖም ያ ልብስ በስለት ለማን ታስቦ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋም። በዛብህ ሳይለብሰው የቀረውን ልብስ የለበሰችው እሷ ናት፤ እሱ ከሞተ በኋላም አላወለቀችውም።