መብዛትና ማደግ

ብዙ ሰው የበዛ ነገር ሁሉ ያደገ ይመስለዋል። ነገር ግን መብዛትና ማደግ የተለያዩ ናቸው። የድንጋይ ክምር በየቀኑ ቢጨመርበት ይበዛል እንጂ አያድግም። ዛፍ ግን ሥር ሰዶ፣ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ ፍሬም ሰጥቶ፣ ከፍሬው ሌላ ዛፍ ሲበቅል አደገ ይባላል። ይህን ልዩነት አጥርቶ ያላየ ሰው ንግድ ቢነግድ፣ ማኅበር ቢያቋቁም፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢተክል መሳሳቱ አይቀርም።

በዘመናችን በብዙ አገር ባሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የተለመደ አንድ አሠራር አለ። ይኸውም የምእመናኑ ቍጥር ከአዳራሹ በላይ ሲሆን የእሑዱ አንድ ጉባኤ ሁለትና ሦስት ይሆናል፤ ያም ሲጠብ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ከተማ፣ አልፎም በሌላ ግዛት አዲስ ቦታ ይከፈታል፤ ስሙና አስተዳደሩ ግን አንድ ሁኖ ይቀራል። ይህን አሠራር በጭፍን መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። አንዱን አዳራሽ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ መጠቀም ሦስት አዳራሽ ከመሥራት ይቀላል። ሌሊት በሥራ ያደረ ሠራተኛ ወይም በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ማለዳ ባይችል ማታ ይመጣል። ከከተማው ዳር ለሚኖር ድኻም የሰፈሩ አዳራሽ የመጓጓዣ ገንዘብ ያድንለታል። እንግዲህ ጥያቄያችን ስለ ሰዓቱና ስለ ቦታው አይደለም፤ በየሰዓቱና በየቦታው ለሚመጣው ሰው እረኛ የሚሆነው ማን ነው? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚያስተምር አንድ ታሪክ በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ተፈጽሟል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማርስ ሂል የተባለች ቤተ ክርስቲያን በ1996 ዓ.ም. በጥቂት ሰዎች ተመሠረተች። ዋና ሰባኪዋ ማርክ ድሪስኮል አንደበቱ የተባ፣ ወጣቶችን መሳብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ5 ግዛቶች ውስጥ 15 ቦታዎች እስኪኖሯት ድረስ ሰፋች፤ በየሳምንቱም 12 ሺህ ያህል ሰው ይሰበሰብባት ነበር። በየቦታው መጋቢም መዘምራንም ነበሩ፤ ስብከቱ ግን በአብዛኛው የአንዱ ሰው ስብከት ሁኖ፣ በቪዲዮ ተቀርፆ፣ በየአዳራሹ እንደ ሲኒማ በትልቅ መጋረጃ ላይ ይታይ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በዚህ ሰው አመራር ላይ ብዙ ክስ ተነሣ። ጉዳዩን የመረመሩት መሪዎችም በትዕቢት፣ በቍጣና ባልደረቦቹን በመጫን ጥፋተኛ ሁኖ እንዳገኙት አስታወቁ። በኦክቶበር ወር ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደምትፈርስ ተነገረ፤ የ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀንም መጨረሻዋ ሆነ። በ18 ዓመት የተሠራው ቤት ሦስት ወር በማይሞላ ጊዜ ፈረሰ። ብዙ ሰዎች የተጋቡባትን፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉባትን፣ በኀዘናቸው ጊዜ የተጽናኑባትን ቤት አጡ። አሥራ አምስቱ ጣራ በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ስለ ነበረ፣ ምሰሶው ሲወድቅ ጣራው ሊተርፍ አልቻለም። ከቦታዎቹ ብዙዎቹ በኋላ የራሳቸውን መጋቢ በፊታቸው አቁመው፣ ራሳቸውን ችለው ቀጠሉ። አስቀድሞ ሊሆን ይገባው የነበረው ነገር ከጥፋት በኋላ ሆነ።

ከዚህ ጋር የሴኡልን ታሪክ ብናስተያይ ልዩነቱ ይገለጥልናል። የዮኢዶ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1958 ዓ.ም. ተጀመረች። መሪዋ ዮንጊ ቾ ሁሉን ብቻውን ሊሠራ ሲደክም በ1964 ዓ.ም. ጉልበቱ አልቆ ወደቀ። በሕመሙም ጊዜ የሙሴ አማት ዮቶር ለአማቹ የሰጠውን ምክር አሰበ፤ ሕዝቡን በየቤቱ በሚሰበሰብ ትንሽ ኅብረት ከፋፍሎ ለየኅብረቱ መሪ ለመሾም ቈረጠ። ወንዶቹ ሲያመነቱ ሴቶቹ ሥራውን ተቀበሉ፤ ያውም ሴት በአደባባይ መምራቷ ባልተለመደበት ዘመን ነው። በ1973 ዓ.ም. ወደ ዮኢዶ ስትዛወርም ሆነ በየእሑዱ ብዙ ጉባኤ ስታደርግ ሥሯ በየቤቱ ነበር። ይህችም ቤተ ክርስቲያን ነቀፋ የለባትም አይባልም፤ በ2014 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቾን በቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብ ላይ ጉዳት በማድረሱ ጥፋተኛ አድርጎታል። ነገር ግን መሪው ሲነቀፍ ቤቱ አልፈረሰም። እንደ እኔ ግምት ያዳናት አዳራሿ ሳይሆን በየመንደሩ የነበሩት እናቶች ናቸው። የአገራችን ሰው “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” የሚለው ይህንኑ ነው።

ምስክሩም በአገራችን አለ። በ1982 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿንም አሰረ። ያን ጊዜ ምእመናኗ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። አዳራሽ ስለሌላቸው በስውር፣ በየቤቱ፣ በጣት የሚቈጠሩ እየሆኑ ተሰበሰቡ። ደርግ በ1991 ዓ.ም. ወድቆ በግልጽ ሲወጡ 34 ሺህ ያህል ሁነው ተገኙ። አዳራሹ ሲዘጋ እያንዳንዱ ቤት አዳራሽ፣ እያንዳንዱም ጐልማሳ እረኛ ሆነ።

“ጥሩ ሰባኪ ሳለ ደካማውን ለምን እንስማ?” የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። ልጅ ዕድሜውን ሁሉ በእናቱ እጅ ከጐረሰ እጁ ሥራ አይለምድም፤ ወጣት ሰባኪም ሳይሰብክ አይማርም። ደግሞም መጋረጃ ቃል ያሰማል እንጂ ለቅሶ አይደርስም፤ የታመመ አይጠይቅም፤ የተጣላ አያስታርቅም። የሦስት ሰዓቱ ጉባኤ ወጥቶ የአምስት ሰዓቱ ሲገባ፣ ሁለቱ በበር ላይ ተላልፈው የማይተዋወቁ ከሆነ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የመንገደኛ ማረፊያዎች ናቸው ማለት ነው።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ማኅበርህ አዲስ ቦታ ከፈተ ሲባል ደስ ይበልህ፤ ነገር ግን ስንት ወንበር እንደ ተጨመረ ከመጠየቅህ በፊት ስንት እረኛ እንደ ሠለጠነ ጠይቅ። ሦስት ሳምንት ብትቀር በስምህ ጠርቶ የሚፈልግህ ሰው አለን? መሪው ነገ ቢታመም በማግስቱ የሚቆም ሰው አለን? መልሱ የለም ከሆነ አታጕረምርም፤ ተነሥተህ በሰፈርህ ያሉትን አሥር ሰዎች እወቅ፣ ጠይቃቸውም። አዲሱ አዳራሽ ያን ጊዜ የሚያስፈልግ ይሆናል።