«ይቻላቸዋል» እና «ቻናል»፦ በበጎ ፈቃደኞች የመላላኪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ትችት

ውጫሌ በአምባሰል፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ ከጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ባልተናነሰ የቃላት አጥኚዎችን የሚመለከት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ በይስማ ንጉሥ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ የሚናገረው ስለ መላላክ ነበርና። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ግን «ኮንሴንቴ»፣ ማለትም በዚሁ መንገድ ለመጠቀም ተስማምተዋል ይላል። ሮም ይህን እንደ ግዴታ ቈጥራ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት አለች። ጠቡ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተዳኘ፤ ውሉም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ተሻረ።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ምንጫቸው ለሁሉ ክፍት የሆኑ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን የሚሠሩና ወደ አማርኛ የሚመልሱ በጎ ፈቃደኞች ደመወዝም አለቃም ስለሌላቸው፣ የሚያስተሳስራቸው የመላላኪያቸው ሥርዓት ብቻ ነው። የዚህ ሥርዓት ስያሜዎች ከተምታቱ ሥራው ራሱ ይምታታል።

የመጀመሪያው ነቀፋችን «ቻናል» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ በዛሬው አማርኛ የቴሌቪዥን ጣቢያን፣ በቴሌግራምም ባለቤቱ ተናግሮ ሌላው የሚያዳምጥበትን ስፍራ ያመለክታል። የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር የሚሻው ግን ሁለት ወገን የሚነጋገርበትን ነው። «መስመር» ሽቦውንና ስልኩን፣ «መድረክ» ጉባኤውን ያስታውሳል። ስለዚህ ላከ ከሚለው ግስ የወጣውን «መላላኪያ» እንመርጣለን፤ ድርጊቱ የሁለት ወገን መሆኑን ቅርጹ ራሱ ይናገራልና። «ተላላኪ» በተራ ንግግር ዝቅ ያለ ትርጉም እንዳለው አንዘነጋም፤ ሆኖም የመሣሪያው ስም የሰውየውን ንቀት አይወርስም።

መላላኪያዎቹም በተግባራቸው ይለዩ። ለአዲስ ገቢ የጥያቄ መላላኪያ፣ ለተመዘገበ ክርክር የውሳኔ መላላኪያ፣ አጥፊዎች ሊጠቀሙበት የሚችሉ የደኅንነት ጉድለቶች እስኪጠገኑ የሚገለጹበት የምስጢር መላላኪያ ያስፈልጋሉ። ከዚህ ከሦስተኛው በቀር ሁሉም ግልጽ መሆን አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ደቢያን የተባለው ማኅበር በ1997 ባጸደቀው ማኅበራዊ ቃል ኪዳን ችግሮቹን እንደማይደብቅ፣ የጉድለት መዝገቡንም ለሕዝብ ክፍት እንደሚያደርግ አውጇል። አንድ የአማርኛ ስያሜ በሁለት ሰዎች የግል ጭውውት ተወስኖ ሲያልቅ፣ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ምክንያቱን ከየት ያገኘዋል? ያንኑ ክርክር እንደገና ይጀምራል፤ ወይም ሌላ ቃል አስገብቶ አንዱን ነገር ሁለት ስም ያሰጠዋል።

ሁለተኛው ነቀፋችን ከውጫሌ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በደንቦች ትርጉም «ይችላል» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ለችሎታ፣ አንድ ጊዜ ለፈቃድ፣ አንድ ጊዜ ለሚሆን ነገር ይውላል። «ተርጓሚው ሐሳቡን በዚህ መላላኪያ ማቅረብ ይችላል» ሲባል በሌላው ማቅረብ ተከልክሏልን? አንባቢው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የኢንተርኔት ደረጃዎች 2119ኛ ሰነድ የግዴታን፣ የምክርንና የፈቃድን ቃላት ለይቶ በየፍቺያቸው ወስኗቸዋል። እኛም በአማርኛ «ግዴታ ነው»፣ «ይመረጣል»፣ «ይፈቀዳል» የሚሉትን ለየቦታቸው እንመድብ እንላለን፤ «ይችላል» ለችሎታ ብቻ ይተው።

የበጎ ፈቃደኞቹን ድካም አናቃልልም። ትችታችን የሚነሣው አንድ መላላኪያን በብቸኝነት የያዘ ወገን ሌላውን ዝም ማሰኘት እንደሚችል 17ኛው አንቀጽ ስላስተማረን ነው። ስያሜዎቹን በሥራ የሚፈትኑ አንባቢዎች የተሻለ ቃል ቢያገኙ ከነምክንያቱ እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን።