ምን፣ የት፣ እንዴት፦ የላንድክሩዘር ሞተር የጥገና መጽሐፍ ከጣና ዳር ሲነበብ

ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ሥራ የደራሲ ስም የለውም፤ ገጸ ባሕርይም ሆነ ትረካ አይፈለግበትም። ቶዮታ ለላንድክሩዘር የናፍታ ሞተሮች፣ ከእነሱም ዋነኛ ለሆነው ለ1ኤችዜድ፣ ያዘጋጀው የጥገና መጽሐፍ ነው። ሂስ የልቦለድና የግጥም ርስት ብቻ መስሎን ስለኖረ፣ እንዲህ ያለውን ድርሰት በቅርጹና በቋንቋው መዝኖ ማየት አልለመድንም። ነገር ግን ባሕር ዳር ላይ ሃርድቶፕ ወይም ፒክአፕ ላንድክሩዘር ይዞ በገዛ እጁ ለመጠገን የቆረጠ ሰው ከየትኛውም ልቦለድ ይልቅ ተጠንቅቆ የሚያነበው ይህንን ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር አጣሞ ቢረዳ ዕዳው በሞተሩ ላይ ይወድቃል።

መጽሐፉን ለመመዘን መጀመሪያ ሞተሩን ማወቅ ይገባል። ባለ 70 ተከታታዩ ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ፤ 1ኤችዜድ በ1990 ተከተለው። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ኮምፒውተር የማይፈልግ የናፍታ ሞተር ነው። በእርዳታ ድርጅቶች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በአስጎብኚዎች እጅ አገሩን አዳርሷል፤ ሲያረጅም በጨረታ እየወጣ ከግለሰብ ደጅ ይደርሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ያለውን ጠግኖ መንዳት ግድ ሆኗል፤ የመጽሐፉም ዕድሜ ከመኪናው ጋር ረዝሟል።

አወቃቀሩ ጥብቅ ነው። ከመግቢያው ቀጥሎ መደበኛ ክትትል፣ የሞተሩ አካል፣ ነዳጅ፣ ማቀዝቀዣ፣ ዘይት፣ ማስነሻና ባትሪ መሙያ እያለ ይወርዳል፤ በስተመጨረሻ የልኬትና የብሎን ማጥበቂያ ሠንጠረዦች ይመጣሉ። ዋና ዋናዎቹን ሥራዎች የሚከፍተው ክፍሎቹ ከየቦታቸው ተነጥለው፣ ግን በሚገጠሙበት ቅደም ተከተል ተሰልፈው የሚታዩበት ሥዕል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሦስት ገቢር አለው፦ ማፍረስ፣ መመርመር፣ መልሶ መግጠም። በአብዛኛው ጋራዥ ሁለተኛው ገቢር ይዘለላል። ይፈታል፣ የተሰበረው ይቀየራል፣ ይገጠማል። መጽሐፉ ግን ሙሉ ክብሩን የሰጠው ለዚህ ለመካከለኛው ነው፤ የድርሰቱ ጡዘትም እዚህ ይገኛል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ የጭስ ማውጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። ዘንጉ፣ ፋሻው፣ ኩሽኔታው ሁሉ እንዲህ ይለካል፤ አዲስ ሲሆን ስንት እንደነበረ፣ ስንት ሲደርስ እንደሚጣል ይነገራል። “ገና ነው” እና “አለቀለት” የሚሉትን የጆሮ ፍርዶች በቁጥር መተካቱ የመጽሐፉ ትልቁ ውለታ ነው። በራሱ እጅ የሚጠግን ባለመኪና የመካኒክ ጆሮ የለውም፤ ስስ መለኪያ ምላስ ገዝቶ ግን ከአዋቂው እኩል መፍረድ ይችላል።

ቋንቋውም ለዚህ ዓላማ የተቃኘ ነው። ግሱ ሁልጊዜ ትእዛዝ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ቅጽል የለም ማለት ይቻላል። ማሳሰቢያዎቹ እንኳ ማዕረግ አላቸው፦ አንዱ ሰው ሊጎዳ ሲችል፣ ሁለተኛው ዕቃ ሊበላሽ ሲችል፣ ሦስተኛው ሥራን ለማቅለል ብቻ። ይህ ልዩነት በሺህ ቃላት ከሚጻፍ ምክር የበለጠ ያስተምራል፤ አንባቢው ፍርሃቱን የት እንደሚያውል ይነግረዋልና። የቃላት ቁጠባ የሚሰበክላቸው ጸሐፊዎቻችን ይህን ክፍል ቢያነቡት አይከፋም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚሁ ቁጠባ ነው። መጽሐፉ በመግቢያው ስልቱን ሲያስረዳ፣ ርዕሱ ምን እንደሚሠራ፣ ዝርዝሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሥዕሉ የት እንደሚሠራ ያሳያል ይላል። ቃሉንም ይጠብቃል። አራተኛው ጥያቄ፣ ለምን የሚለው፣ ከመጀመሪያውም ቃል አልተገባለትም። የቴስታታውን ብሎኖች እንውሰድ። በተወሰነ ቅደም ተከተል፣ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት፣ ከዚያም ራሳቸው ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎ በዲግሪ ተለክቶ እንዲዞሩ ታዝዟል። ምክንያቱ አልተጻፈም። ብሎኑ ቴስታታውን ጨምቆ የሚይዘው በመጠኑ ተስቦ ስለሚለጠጥ ነው፤ መፍቻው ላይ የሚነበበው ኃይል ደግሞ አብዛኛው በጥርሱና በራሱ ሰበቃ ይበላል፤ የዲግሪው ዙር ግን መለጠጡን በቀጥታ ይለካል። ይህን ያወቀ ሰው የብሎኑን ጥርስ ማጽዳትና በጥቂቱ ዘይት መቀባት ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል፤ ዝገት የበላውንም ብሎን አያምንም። ያላወቀው የቀለሙን ምልክት እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል፣ “በደንብ ጠብቋል” ብሎም ያልፋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጓርኒሲዮኑ ይነፍስበታል።

ዳግም እንዳይገጠሙ የአልማዝ ቅርጽ ምልክት የተደረገባቸው ዕቃዎችም እንዲሁ ናቸው። የቴስታታ ጓርኒሲዮንና አንድ ተራ ሪንግ በእኩል ምልክት ተፈርዶባቸዋል። ኦሪጅናሉ ዕቃ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ላለበት ሰው ይህ እኩልነት አይጠቅመውም። የትኛውን ሳይቀይር ቢገጥም ዘይት ያንጠባጥባል፣ የትኛውንስ ቢደፍር ሞተር ይገድላል? በዚህ ላይ መጽሐፉ አፉን ዘግቷል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ደካማነት ብዬ የቆጠርኩት የታቀደ ነው። ቶዮታ የአሠራሩን ምክንያት ለመካኒኮቹ የሚያስረዳው ስለ አዳዲስ ሞዴሎች ገጽታ በሚያዘጋጃቸው ሌሎች መጻሕፍት ነው፤ ይህኛው የተጻፈው ሥልጠናውን ጨርሶ፣ ልዩ መሣሪያዎቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለውለት፣ መጋዘኑ ከጀርባው ላለ የወኪል ጋራዥ ባለሙያ ነው። በሥነ ጽሑፍ አነጋገር፣ የታሰበው አንባቢና እውነተኛው አንባቢ ተለያይተዋል። በእንግሊዝ የሄይንስ መጻሕፍት አዘጋጆች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ መኪና ገዝተው፣ ራሳቸው አፍርሰውና ገጥመው፣ ለቤት ጠጋኝ ሲጽፉ ኖረዋል። አሜሪካዊው ጆን ሙር በ1969 ስለ ቮልስዋገን የጻፈው ዝነኛ መመሪያም አንባቢውን ምንም እንደማያውቅ ወዳጅ ቆጥሮ ምክንያቱን እያጫወተ ያስተምራል። የሙር ወሬ አንዳንዴ ይበዛል፤ እኔ ግን በጨለማ መንገድ ላይ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል አላመነታም፤ ቁጥሩን ከቶዮታ፣ ጭውውቱን ከሙር እወስዳለሁ። ይህ ማምለጫ መሆኑን አውቃለሁ።

ለልዩ መሣሪያዎቹ በባሕር ዳር መፍትሔ አይጠፋም። ከተማዋ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት ትብብር በተከፈተው፣ ሕዝቡ “ፖሊ” እያለ በሚጠራው ተቋም የብረታ ብረትና የእርሻ መሣሪያ ቴክኒሻኖች ስታፈራ ኖራለች። ፑሊ መንቀያ ሥዕሉን አይቶ ከላሜራና ከብሎን የሚሠራ በያጅ ይገኛል። ሥዕሎቹ በዚህ ረገድ ከጽሑፉ ይልቃሉ፤ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው እንኳ ከመስመሮቻቸው መሣሪያውን መልሶ መፍጠር ይችላል።

አስቸጋሪው ውሃው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ጭቃ መኪና ይይዛል፤ የዘጌም የጫካ መንገድ በክረምት አይታመንም። እዚህ ላይ መጽሐፉ አንድ ትልቅ ነገር ይመልሳል፦ ከናፍታ ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ እንዴት ማፍሰስ እንደሚገባ በጥቂት መስመር ያሳያል። በበርሜልና በጀሪካን ናፍታ በሚቀዳበት አገር ይህ ገጽ ተለጥፎ ሊኖር ይገባዋል። ሻንሲውን በሚመለከተው በሌላው ቅጽ ግን ስለ ዲፈረንሻል መተንፈሻ አንባቢው የሚፈልገውን አያገኝም። ከጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ መተንፈሻው ካልሠራ ውሃ በዘይት መያዣ ጎማው በኩል ይሳባል፤ ዘይቱ ወተት ይመስላል። መፍትሔው መተንፈሻውን በቀጭን ጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ ማድረግ ነው። ከማሻሻያዎች ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይህ ሆኖ ሳለ፣ መጽሐፉ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል ብሎ ስለሚያምን ማሻሻል የሚባል ሐሳብ አያውቅም።

ይኸው እምነት በቺንጋው ላይም ይታያል። የጊዜ ማስተካከያው ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ቆጣሪው የቆመበት መኪና ላይ ግን መብራቱም አብሮ ይተኛል፤ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። በጨረታ የተገዛ ላንድክሩዘር ቆጣሪውን ማመን አይገባም፤ ያለፈ ታሪኩ ካልታወቀ መብራት ሳይጠበቅ መቀየር ነው።

የማሻሻያ ምኞት በጣና ዳር ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቱርቦ ላይ ነው። በ1,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በስድስተኛው ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲያቃስት ይሰማል። ስለ ቱርቦ ማከል መጽሐፉ አንድም ቃል የለውም። ሆኖም በአንድ ጥራዝ ሁለት ወንድማማቾችን ይዟል፦ ቱርቦ አልባውን 1ኤችዜድና ባለቱርቦውን 1ኤችዲ-ቲን። ምዕራፎቻቸውን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው፣ ባለቱርቦው ናፍታን በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ሲረጭ፣ ሌላው በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል አስቀድሞ እንደሚያቀጣጥል ያያል። የመጭመቂያ ምጣኔው ለአንዱ 18.6 ለ1፣ ለሌላው 22.4 ለ1 ነው። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ ሌላ ቴስታታና ሌላ ፒስቶን ሠራ ማለት ነው። እኔ ይህን የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል እለዋለሁ፤ ሳይናገር ይከራከራል፣ ክርክሩን ግን ትጉህ አንባቢ ብቻ ይሰማዋል። ለባለሙያ የተጻፈ መመሪያ ሆኖ ሲመዘን እንከኑ ጥቂት ነው፤ ለባለመኪናው ግን ኅዳጉን በራሱ “ለምን” እስካልሞላ ድረስ ግማሽ መጽሐፍ ነው። ይህን ሁሉ አንብቦም ቱርቦ ለመግጠም የቆረጠ ሰው ቢያንስ አስቀድሞ የጭስ ሙቀት መለኪያ ይግጠም፤ የሙቀቱን ገደብ ግን ከዚህ ጥራዝ አይጠብቅ።