ሲቅና የሮበርትስ ሥዕሎች

በደቡብ ዮርዳኖስ በረሃ የምትገኘው የጥንቷ ፔትራ ከተማ ዋና መግቢያ «ሲቅ» የተባለው የገደል ስንጥቅ ነው። ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግራና ቀኙ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። በአንዳንድ ሥፍራ ወርዱ ከ3 ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ሰማዩ ከላይ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1839 ይህን ሥፍራ ጎብኝቶ የነደፋቸው ሥዕሎች በሊቶግራፍ ኅትመት ተባዝተው በአውሮፓ ብዙ ተመልካች አግኝተዋል።

የሥዕሎቹ ብርቱ ጎን የሚካድ አይደለም። በሲቅ መግቢያ ሁለቱን ገደሎች ያገናኝ የነበረው ቅስት በ19ኛው ምእተ ዓመት መገባደጃ ሲፈርስ፣ መልኩ ለትውልድ የተረፈው እንደ ሮበርትስ ባሉ ሠዓልያን እጅ ነው። የገደሉን ግዝፈት በሰው ቁመት መጥኖ ማሳየቱም ሠምሮለታል። ጉድለቱ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው፤ ይኸውም ደማቅ ልብስ የለበሱት የአገሩ ሰዎች በሥዕሉ የገቡት ለድንጋዩ መለኪያና ጌጥ እንዲሆኑ እንጂ የሥፍራው ባለቤት ሆነው አይደለም።

ሲቅ ግን የተፈጥሮ ሥራ ብቻ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ናባታውያን ግድብ ገድበውና በአለት ውስጥ መተላለፊያ ፈልፍለው የዋዲ ሙሳን ጎርፍ ከሲቅ አዞሩት። በገደሉ ግርጌ ቦይ ጠርበው፣ የሸክላ ቱቦ ዘርግተው የመጠጥ ውሃ ወደ ከተማይቱ አስገቡ። በስንጥቁ ማብቂያ ድንገት ብቅ የሚለው፣ ከፍታው 40 ሜትር ያህል የሆነው የ«አል ኻዝኔ» ፊት ዓይን ይማርካል፤ ከተማን በበረሃ ያኖረው ግን ማንም ቆሞ የማያደንቀው ቦይ ነው።

የዚህ ሥራ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1963 በግልጽ ታየ። የጥንቱ ግድብ ፈርሶ ስለነበር ደራሽ ጎርፍ በሲቅ ገብቶ ከ20 በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎችን ገደለ፤ ከዚያም ግድቡ እንደገና ተሠራ።

ፔትራ እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። በዚያው ዘመን በዋሻዎቿ ይኖሩ የነበሩት የብዱል ቤዱዊኖች አብዛኞቹ ኡም ሰይሁን ወደተባለ አዲስ መንደር እንዲዛወሩ ተደረገ። ዛሬ ብዙዎቹ በቀድሞ መኖሪያቸው የሚታዩት ለጎብኚ ግመልና አህያ ሲያከራዩ፣ ዕቃ ሲሸጡ ነው። ሠዓሊው ለጌጥ ያስቀመጠው ምስል የሰዎቹ ኑሮ ሆነ ማለት ነው።

ስለሆነም በረሃን የሚስል ሠዓሊም ሆነ የሚተርክ ደራሲ የገደሉን ቀለም ባየበት ዓይን ቦዩን የጠረበውን እጅ ሊያይ ይገባዋል። ይህን የሳተ ሥራ ውበቱ የቱን ያህል ቢሆን ግማሽ እውነት ነው።