ከመለኪያው በፊት ቮልቴጁን

በቫልቭ የሚሠራ የድምፅ ኮምፕሬሰር በገዛ እጁ የገጣጠመ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው አብዛኛውን ጊዜ በመለኪያው ነው። ድምፅ ሳይገባ ጠቋሚው ዜሮ ላይ አልቆም ይላል፤ ወይም ቆሞ ይቆይና ማታ ላይ ይንሸራተታል። ፊት ለፊት የሚታየው እሱ ስለሆነ ጥፋተኛም እሱ ይመስላል። እኔ ዘንድ እንዲህ ያለ ሳጥን ሲመጣ ግን መለኪያውን የምነካው መጨረሻ ላይ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ አለ። የምወደው ዓይነት የአሜሪካኑን አልቴክ 436 የመሰለው ነው፤ የለንደኑ ኢኤምአይ መሐንዲሶች ያንን አሻሽለው አርኤስ124 ብለው በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ለቢትልስ ቅጂዎች የተጠቀሙበት። አንድ መስታወት ውስጥ ያሉ ሁለት ትራዮዶች በፑሽ-ፑል ይሠራሉ። ድምፁ ሲጮህ ከመውጫው የተወሰደ ሲግናል በዳዮድ ተቃንቶ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ሆኖ ወደ ግሪዶቹ ይመለስና የቫልቩን የማጉላት አቅም ያወርዳል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቫልቭ ጋር የሚገጠመው መለኪያ ታዲያ ዴሲቤል ተጽፎበት ይሁን እንጂ የሚያነበው ከረንት ነው። ቫልቩ ሙሉ ከረንት ሲስብ ዜሮ፤ ከረንቱ ሲያንስ ጠቋሚው ይወርዳል። ከረንቱን ያሳነሰው ጩኸት ይሁን የደከመ ፓወር ሰፕላይ፣ መለኪያው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የማሞቂያውን ክር እለካለሁ። 6.3 ቮልት መሆን አለበት፤ አሥር በመቶ ከፍ ዝቅ ቢል ቫልቩ ይችለዋል። ትራንስፎርመሩ ለ220 ቮልት ተጠምጥሞ መብራቱ ወደ 190 ከወረደ ክሩ ላይ የሚደርሰው 5.4 ገደማ ነው፤ ይህ ከሚፈቀደው በታች ነው። ካቶዱ በደንብ አይሞቅም፣ ዋናው ቮልቴጅም አብሮ ይወርዳል፣ ከረንቱ ያንሳል፣ ጠቋሚው ማንም ያልነካውን ድምፅ «ጨፍልቄአለሁ» ይላል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲለኩስ መለኪያው የሚንሸራተትበት ሰው ቫልቭ ለመቀየር ባይቸኩል ጥሩ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ትራንስፎርመር ሌላ ጣጣ አለው። የ120 ቮልቱን ጉዳይ በማውረጃ ሳጥን እንፈታዋለን፤ የ60 ኸርዙን ግን አንፈታውም። ለ60 ብቻ የተሠራ ብረት በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ሃያ በመቶ ተጨማሪ መግነጢስ ይሸከማል፤ ይሞቃል፣ ይነዝራል፣ ያ ንዝረትም እስከ መለኪያው ሽቦ ድረስ ይሄዳል። 50/60 የሚል ካልተጻፈበት ባይገጠም እመርጣለሁ።

ሥራው በማይቀልድ ቮልቴጅ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር እዚህ ልበል። 40 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር ላይ 220 ኪሎኦም ማፍሰሻ ሬዚስተር ካለ፣ ካጠፋን በኋላ 250 ቮልቱ በ45 ሴኮንድ ወደ 2 ቮልት ገደማ ይወርዳል። ሬዚስተሩ ተቆርጦ እንደሆነስ? በቴስተር ሳላይ እጄን አላስገባም። አዲስ ሳጥን ሲበራም በመብራቱ መስመር ላይ የ60 ዋት የክር አምፖል በተከታታይ አስገባለሁ። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ሾርት አለ። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። የክር አምፖል ከየሱቁ እየጠፋ ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ እሰበስባለሁ።

አንድ ወጣት ሳጥኑን አቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ መለኪያው ሞቷል፤ ሌላም ገዝቻለሁ፣ እሱም ያው ነው» አለኝ። ጠቋሚው ድምፅ ሳይገባ አራት ዴሲቤል ላይ ተኝቷል፤ ስፒከሩም እምምም ይላል። «ሁለት መለኪያ አንድ ነገር ከተናገረ ብታምናቸው አይሻልም?» አልኩት።

እምምታው ራሱ ፍንጭ ነበር። ሙሉ ሞገድ ከተቃና መብራት የሚመጣ እምምታ 100 ኸርዝ ነው፤ ከማሞቂያ ክር የሚመጣው 50። ይሄኛው 100 ነበር። በፑሽ-ፑል ውስጥ ደግሞ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ እምምታ ሁለቱ ፕሌቶች ላይ እኩል ስለሚደርስ መውጫ ትራንስፎርመሩ ላይ ይጠፋፋል። ካልተጠፋፋ ወይ እምምታው በዝቷል፣ ወይ ሁለቱ ትራዮዶች እኩል አይስቡም። ሚዛኑ ሲዛባ ኮምፕሬሰሩ በያዘ ቁጥር «ዱብ» የሚል ድምፅም ይሰማል፤ ዱብታ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ኮንደንሰሮቹ ሄድን።

በሁለቱ ኮንደንሰሮች መሃል 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር አለ። በንድፉ 10 ሚሊአምፒር ስለሚያልፍበት 47 ቮልት ብቻ መቀነስ ነበረበት። ከወዲህ 285፣ ከወዲያ 175 ለካን፤ 110 ቮልት ቀንሷል ማለት ነው። ከ23 ሚሊአምፒር በላይ ያልፋል፤ ሬዚስተሩም ባለ 2 ዋት ሆኖ ከ2.5 ዋት በላይ ተሸክሞ ጠቁሯል። ቫልቮቹ ይህን ያህል አይስቡም። አጥፍተን፣ አፍስሰን፣ ቮልቱን አይተን ሁለተኛውን ኮንደንሰር ስንዳስሰው ሞቋል። ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ «አዲስ» ኮንደንሰር ነበር፤ ኤሌክትሮሊቲክ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ውስጡ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ይሳሳል፣ ከረንት ያሾልካል። እሱንና የጠቆረውን ሬዚስተር ቀየርናቸው። እምምታው ጠፋ፣ ጠቋሚው ወደ ዜሮ ተጠጋ፤ የቀረችውን ትንሽ ልዩነት በማስተካከያው ጨረስናት።

መለኪያው በእውነት የሚታመምበትም ጊዜ አለ፤ ብዙ አይደለም። ሻሲ ሲበሳ የተረፈ የብረት ብናኝ በማግኔቱ ክፍተት ገብቶ ጠቋሚውን ይይዘዋል። የፕላስቲክ ፊቱ ሲወለወል በሚፈጠር ቻርጅም ይጣበቃል፤ ለዚህ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የነካው እርጥብ ጨርቅ በቂ ነው። የ1 ሚሊአምፒር መለኪያ ለመፈተሽ 1.5 ቮልት ባትሪና 10 ኪሎኦም ሬዚስተር አገናኝቼ ጠቋሚው ከስኬሉ አንድ ሰባተኛ ገደማ ከተነሳ ጤነኛ ነው እላለሁ።

የታተመውን ስኬል ግን አላምንም። 1 ኪሎኸርዝ አስገብቼ፣ ያለ ጭፍለቃ መውጫው 1 ቮልት እንዲሆን አድርጌ፣ መቆጣጠሪያውን ሳዞር 0.5 ላይ ሲደርስ ስድስት ዴሲቤል፣ 0.316 ላይ አሥር ብዬ በእርሳስ እጽፋለሁ። ከታተመው ጋር እምብዛም አይገጥምም።

ወጣቱ ሁለተኛውን መለኪያ ሊመልሰው አሰበ። አትመልሰው አልኩት። አራት ባለ 100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ አስገብተን ዋናው ቮልቴጅ ላይ ሰቀልነው፤ 1 ሚሊአምፒሩ አሁን 400 ቮልት ነው። ቮልቴጁን ለአንድ ሬዚስተር ብቻ ማሸከም ስለማልወድ ለአራት ከፈልኩት። ሳጥኑ ደህና ሲሆን ጠቋሚው ከግማሽ አለፍ ብሎ 250 አካባቢ ይቆማል፤ የመጀመሪያውን መለኪያ የተጠራጠረ ዕለት ዓይኑን ወደዚህኛው ይልካል።