አራት ቀን የፈጀ ተራራ

ልጅቷ ሮጣ ከገደሉ አፍ ትደርሳለች። ተጫዋቹ የመዝለያውን ቁልፍ የሚጫነው ትንሽ ዘግይቶ፣ እግሯ መሬቱን ከለቀቀ በኋላ ነው። በደረቁ ሕግ ከሄድን ወድቃ መሞት ነበረባት። እሷ ግን ትዘላለች። ተጫዋቹም በሰዓቱ የተጫነ እየመሰለው፣ በገዛ ጣቱ እየኮራ ወደሚቀጥለው ገደል ያልፋል። ይህ የሚሆነው ኮዱ ውስጥ አንዲት 6 ቁጥር ስላለች ነው። ጌሙ ልጅቷ መሬቱን ከለቀቀች በኋላም ለስድስት ፍሬም ያህል መሬት ላይ እንዳለች ይቆጥርላታል። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚያሳይ ጌም ስለሆነ ምሕረቱ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ አይበልጥም።

ጌሙ ሴሌስት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው፣ የዚያን ዓመት የጌም አዋርድስ ሽልማት የወሰደው ትልቁ ሴሌስት የብዙ ሰው ወሬ ሆኗል፤ እሱን ለሌሎች ልተወው። እኔን የሚገርመኝ ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በ2015 በአንድ ጌም ጃም ላይ በአራት ቀን የሠሩት ትንሹ ነው።

ጌም ጃም ማለት ሠሪዎች ብቻቸውን ወይም በቡድን ሆነው፣ በተቆረጠ ሰዓት ውስጥ አንድ ጌም ከባዶ ጀምረው የሚጨርሱበት ዝግጅት ነው። ከ2002 ጀምሮ በሚካሄደው ሉደም ዴር ላይ፣ ብቻውን የሚወዳደር ሰው ያለው 48 ሰዓት ነው፤ ሥዕሉንም ድምፁንም ኮዱንም ራሱ መሥራት አለበት። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ዝግጅቶች የሚወጣው አብዛኛው ሥራ አንድ ጊዜ አስቆ የሚረሳ ነው። ጊዜ ሲያጥር ግን ሠሪው ምን እንደሚያስቀድም ይታወቃል። ቶርሰንና ቤሪ ያስቀደሙት ተጫዋቹ ፈጽሞ የማያየውን ነገር ነው።

የሠሩበት ፒኮ-8 የሚባለው መሣሪያ በእውን የሌለ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚኖር የጌም ማጫወቻ ነው፤ ጠባብነቱም ሆን ተብሎ የተሰጠው ነው። ስክሪኑ 128 በ128 ፒክስል፣ ቀለሙ 16 ብቻ። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለ የአንድ አፕ ምልክት እንኳ ከዚህ የበለጠ ፒክስል ሊይዝ ይችላል። ልጅቷ የተሳለችው 8 በ8 በሆነች ካሬ ውስጥ ነው። ፊት የላትም ማለት ይቻላል። ፀጉር ግን አላት፤ የጌሙም ምርጥ ሥራ እዚያ ፀጉር ላይ ነው።

ልጅቷ ከመዝለል ሌላ የምትችለው አንድ ነገር በአየር ላይ መስፈንጠር ነው። በስምንት አቅጣጫ መስፈንጠር ትችላለች፤ መሬት እስክትረግጥ ድረስ ግን አንዴ ብቻ። ታዲያ ተጫዋቹ ይህቺን አንዲት ዕድል መጠቀም አለመጠቀሙን በምን ይወቅ? ሌላ ሠሪ ቢሆን ከስክሪኑ ጥግ ላይ ምልክት ይለጥፍ ነበር። እዚህ ፀጉሯ ራሱ ይናገራል። ዕድሏ እጇ ላይ ካለ ቀይ ነው፤ ከተጠቀመችበት ሰማያዊ ይሆናል። ዓይን ከልጅቷ ላይ ሳይነሳ መልሱን ያገኛል። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ሁለቴ መስፈንጠር ሲፈቀድላት ደግሞ ፀጉሯ አረንጓዴና ነጭ እየሆነ ብልጭ ድርግም ይላል።

የተሠራበትን መንገድ ላየው ሰው ነገሩ ያስቃል። ፀጉሩ አምስት ትንንሽ ክቦች ነው። እያንዳንዱ ክብ ከፊቱ ያለውን እየተከተለ በመካከላቸው ካለው ርቀት ጥቂቱን እያስቀረ ይጠጋል፤ በቃ። ከዚህች አንዲት የሒሳብ መስመር ስትሮጥ ወደ ኋላ የሚነፍስ፣ ስትወድቅ ወደ ላይ የሚነሳ፣ ስትቆም የሚረጋ ፀጉር ይወጣል።

እሾሁም እንዲሁ ነው። ሴሌስት ጨካኝ ጌም ነው ሲባል ትሰማላችሁ፤ እሾህ የነካ ይሞታል፣ ስክሪኑም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኮዱ ግን ከስሙ ይልቅ ሩኅሩኅ ነው። ሞትና ሕይወት የሚለኩት በሥዕሏ ልክ ሳይሆን በውስጧ ባለች 6 በ5 በሆነች ትንሽ አራት ማዕዘን ነው፤ የራሷ ጫፍ እሾህ ላይ ቢያርፍ ምንም አይደርስባትም። ከዚያም አልፎ፣ ወደ ላይ ያፈጠጠ እሾህ የሚገድላት ስትወርድበት ወይም ስታርፍበት ነው። ከሥሩ ተነስታ ወደ ላይ እየዘለለች ካለፈችበት አይነካትም። ተጫዋቹ «ለጥቂት ተረፍኩ» ይላል። የተረፈው ግን እንዲተርፍ ስለተፈለገ ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ገልብጦ ላላየ እንደማያሳይ ሁሉ፣ እነዚህም ቁጥሮች ኮዱን ከፍቶ ላላነበበ አይታዩም።

መሬት ከመንካቷ በፊት ቸኩሎ መዝለያውን ለተጫነ ሰውም አራት ፍሬም ተቀምጦለታል፤ ትእዛዙ ተይዞለት እግሯ መሬት እንደነካ ትዘላለች። ስትስፈነጠር ደግሞ ዓለሙ ሁሉ ለሁለት ፍሬም ቀጥ ይልና ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። ያቺ ቅጽበታዊ ዝምታ ብትወጣ መስፈንጠሩ ክብደት ባጣ ነበር።

ማስተማሪያ ጽሑፍ የለም። ወደ ጫፉ የሚወስዱት ሠላሳ ስክሪኖች፣ እያንዳንዳቸው መቶ ሜትር ከፍ እያሉ፣ ራሳቸው መምህር ናቸው። የሚፈርሰው ድንጋይ ሲረገጥ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ይፈርሳል፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል፤ ሁለቴ ያየ ሰው ሕጉን ያውቃል። ከሁሉ የምወዳት ክንፍ ያላት እንጆሪ ናት። ተጫዋቹ አንዴ ከተስፈነጠረ በርራ ታመልጣለች። ያን ሁሉ መንገድ መስፈንጠር የለመደ እጅ እዚህ ላይ መታገስ አለበት። ያለ አንዲት ቃል የተሰጠ ፈተና ነው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በስክሪኑ ላይ የሚያልፈው በረዶ ያምራል፤ ነገር ግን በዚህች ጠባብ ቦታ፣ ነጠላ ፒክስል ዋጋ ባለው ሰዓት፣ አንዳንዴ ዓይን ያደናግራል። መካከል ላይ ያሉ ጥቂት ስክሪኖችም ከብልሃት ይልቅ ድግግሞሽ ይጠይቃሉ።

ከጌም ጃም ከወጡት ውስጥ ከዚህ ጎን የማስቀምጠው ባባ ኢዝ ዩን ነው። ፊንላንዳዊው አርቪ ቴይካሪ በ2017 በኖርዲክ ጌም ጃም ላይ ሠርቶ አሸነፈበት። እዚያ የጌሙ ሕግ ራሱ በሚገፉ የቃል ብሎኮች ተጽፎ ሜዳው ላይ ይቀመጣል። «ግድግዳ» «ነው» «መቆሚያ» የሚሉት ሦስት ቃላት ከተሰለፉ ግድግዳው አያሳልፍም፤ አንዷን ቃል ገፋ ካደረጉ ግድግዳው ባዶ ሥዕል ይሆናል። ሴሌስት የእጅ ሥራ ከሆነ ይህ የሐሳብ ሥራ ነው፤ ሐሳቡም ንጹሕ ስለሆነ በ2019 ሰፍቶ ሲወጣ መሠረቱ አልተነካም። በ2013 የግሎባል ጌም ጃም ላይ የተወለደው ሰርጅን ሲሙሌተር ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። የቀዶ ሐኪሙን ጣቶች በየራሳቸው ቁልፍ እያንቀሳቀሱ ልብ መቀየር! የዚያ ጌም ጥበብ አለመመቸቱ ላይ ነው፤ ሳቁ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቆየልኝም።

ቶርሰንና ቤሪ ትልቁን ሴሌስት ሲሠሩ ትንሹን አልጣሉትም። በሦስተኛው ምዕራፍ፣ ሆቴሉ ውስጥ፣ ፈልጎ ላገኘው ሰው ሙሉውን ደብቀውለታል። የፀጉሩ ቀለምም፣ መስፈንጠሩም፣ ከገደሉ አፍ ላይ ያለው ምሕረትም ወደ ትልቁ ተሻግረዋል።

ትልቁ በገንዘብ ይሸጣል፤ ትንሹ ግን በነጻ ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ ከኪቦርድ በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። ኮድ ማንበብ የምትችሉ ከሆነም ፒኮ-8 ኮዱን ስለማይደብቅ ከፍታችሁ የምሕረቷን 6 ቁጥር ወደ 1 ቀይሯትና የመጀመሪያውን ስክሪን እንደገና ሞክሩት።