ስለ አንዲት የማርያም ሥዕልና ስለ ግራ እጅ

በ26 ጁን ሰፈር የብረት በር ቀለም እየቀባ የሚተዳደር አንድ የመጠለያችን ልጅ በካርቶን ላይ የሣላት የእመቤታችን ሥዕል፥ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከእህል ሰልፉ ይበልጥ አነጋግራናለች። ሽማግሌዎቻችን፥ «ልጄ፥ ሕፃኑን በግራ እጇ አሳቅፈሃታልና ወይ አስተካክላት፥ ወይ ቀለም ቀባባት» ብለውታል። ልጁም «እሺ አባባ» ብሎ ካርቶኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀምጦታል። አንባብያን ሐሳባችንን ስለ ጠየቁን፥ ሁለት ጊዜ ሄደን ካየናት በኋላ ይህን ጻፍን።

ክሱ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደሚተርከው፥ በ15ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ ከቬኒስ መጥቶ በአገራችን የቀረው ሠዓሊ ብራንካሌዮን እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ እንደ ያዘች ቢሥላት ሕዝቡ ታወከ፤ ቀኝ የክብር፥ ግራ የውርደት ነውና። ሰውየው ግን አልተባረረም። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ሲገባ፥ በአገሩ ብዙ ዘመን የኖረ ሽማግሌ ሆኖ አግኝቶታል።

ከዚያስ ወዲያ ምን ሆነ? በሮማ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በተባለው ቤተ ክርስቲያን አንዲት ጥንታዊ የማርያም ሥዕል አለች። ኢየሱሳውያን በ1569 እ.ኤ.አ. እንድትቀዳ ፈቃድ አገኙና ቅጂዋን በዓለም ዙሪያ በተኑ፤ ወደ እኛም አገር ደረሰች። በ1630ዎቹ ዐጼ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን አባረሩ፤ ሥዕሊቱ ግን ቀረች። እናታችን እጆቿን አስተላልፋ፥ በእጇ መሐረብ ይዛ፥ ሕፃኑ መጽሐፍ ታቅፎ ስትታዩ በልጅነታችሁ ያያችኋት ያቺ ናት። የጎንደር ሠዓሊዎች ደጋግመው የሣሏት እርሷን ነው። ታዲያ ሕፃኑ የተቀመጠው በየትኛው ክንዷ ላይ ነው? በግራው ነው። ሽማግሌዎቻችን ዕድሜ ልካቸውን የተሳለሙት ሥዕል በተከሰሰበት ነገር ልጁ ይከሰሳል ማለት ነው። በሰሌዳ ፊት ቆሞ ያስተማረ ሁሉ የተማሪው ቀኝ የመምህሩ ግራ መሆኑን ያውቃልና፥ ምናልባት ስሕተቱ የመጣው ከዚያ ይሆናል።

ስለዚህ በእጁ ረገድ ልጁን ነፃ እናወጣዋለን። በሌላው ግን አናልፈውም።

የሕፃኑን ፊት ከፈረንጅ የቀን መቁጠሪያ ገልብጦታል፤ ጠጉሩ የበቆሎ ጭራ መስሏል። ባዶ ቦታ የፈራ ይመስል ጥጋ ጥጉን በጽጌረዳ ሞልቶታል። በግራና በቀኝ የቆሙት መላእክትም ሰይፋቸውን የያዙት እንደ ማማሰያ ነው። እዚህ ላይ ፍሬ ጽዮንን ማስታወስ ግድ ይላል። ዐጼ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የነበረው ይህ መነኩሴ በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ በእንጨት ገበታ ላይ ሥዕል ትቶልናል፤ ስሙም በላዩ ተጽፏል። በእርሱ ሥዕል ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዝዘው በክንፋቸው እናትና ልጁን ሲከልሉ፥ ክንፉ ራሱ ቤት ይሆናል። የእኛ ልጅ መላእክት ግን ከጽጌረዳው ጋር ለቦታ ይሻማሉ።

እንግዲህ ወደ ፊቷ እንምጣ፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና። በአገራችን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል። አንድ ዓይን ብቻ ኖሮት በጎን የሚሣለው ሰይጣን ወይም ክፉ ሰው ነው። የእኛ ልጅ ማርያም ሁለት ዓይን አላት፤ ግን አታየንም። ራሷን ዘንበል አድርጋ፥ በር የተንኳኳ መስሏት እንደምታዳምጥ ሴት ወደ ጎን ትመለከታለች። ቀኝ እጇ የሕፃኑን ቁርጭምጭሚት ጨብጧል፤ ሊነሡና ሊሄዱ እንደ ሆነ ሁሉ። ይህን ከማንም አልቀዳውም። ፊቷን ከየት እንዳመጣው ስንጠይቀው፥ «ጋሼ፥ የእናቴ ፎቶግራፍ የለኝም» አለን እንጂ ሌላ አልመለሰም።

አንዳንዶች ይህን ድፍረት ይሉታል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በደቅ ደሴት ላይ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ፥ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ንግሥት መልኳን ወደ ሥዕሉ ካስገባች፥ የአንዲት የገበሬ ሚስት መልክ ለምን ይከለከላል? ይሁን እንጂ እውነቱን እንናገር፤ ይህች ሥዕል ለመቅደስ አትሆንም። የሚጸልይ ሰው የሚያየውን ዓይን ይፈልጋል፤ እርሷ ግን ሐሳቧ በሩ ላይ ነው። እንደ ሥነ ጥበብ ግን ከመላእክቱም ከጽጌረዳውም የምትበልጠው ይህች ዘወር ያለች ፊት ናት።

ሰማያዊው ቀለም ከበር ሥራ የተረፈ ስለ ሆነ ነጸብራቁ ዓይን ይወጋል፤ ቢያደበዝዘው ደግ ነበር።

ማጥፋትን በሚመለከት የምንለው አለ። ዘርዐ ያዕቆብ ለማርያም ሥዕል ክብር እንዲሰጥ አዘዙ፤ ለእርሷና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን ክፉኛ ቀጡ። በትእዛዝ ማሰገድ ያመጣውን ካየን፥ በትእዛዝ ማስደምሰስም አይሻልም። ጎረቤቶቻችን ሱማሌዎች መርየምን ያከብራሉ፤ የቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ በስሟ ይጠራል፤ ሥዕል ግን አይወዱም። ልጁ ይህን አውቆ ከመንገድ በማትታይበት በጓዳው አኑሯታል፤ ከእኛ ይልቅ እርሱ አስቧል።

እስከ ሐሙስ እንዲደመስሳት ተነግሮታል። ማየት የምትሹ ከዚያ በፊት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ በዚያን ጊዜ ፀሐይ በበሩ ትገባለች። ካርቶኑን ራሳችሁ አታዙሩት፤ ቀለሙ በታችኛው ጠርዝ ገና አልደረቀም።